መልሶልህ የሚርቀው ኤልክ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ኤልክ የሚባለውን ትልቅ የሰሜን አሜሪካ አጋዘን በቀስት ማደን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው መስከረም ዋይት ሪቨር ብሔራዊ ደን ውስጥ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። የወንዱን ጩኸት በቱቦ፣ የሴቷን ድምፅ ደግሞ ላንቃ ላይ በሚለጠፈው ላስቲክ በየአምስት ደቂቃው አሰማ ነበር። አራት ወንዶች መለሱልኝ፤ የአራቱም ድምፅ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። አንድ ሌላ ደግሞ ሳይጮህ መጥቶ ዛፍ መሃል ቆሞ ቆየና ቀስቴን ሳልስብ ዞሮ ሄደ። ጓደኞቼ ጨረቃዋ ሙሉ ስለነበረች ነው ይላሉ። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? ከስልክ ጋር የሚገናኝ የድምፅ ማጫወቻ ልግዛ ወይስ ቱቦውን ልቀይር? አጋዘን የሚያመጣው የትኛው ድምፅ ነው?»

መልስ፦ ማጫወቻውን አትግዛ። ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክን በኤሌክትሮኒክ ድምፅ እየጠሩ ማደን ክልክል ነው። ቱቦህም ምንም አልሆነም፤ አራት ወንድ ከመለሰልህ ድምፅህ ኤልክ መስሏል። ችግሩ ያለው የጠራህበት ቦታ ላይ ነው። በጣም ርቀህ ጠራህ፣ በጣም ደጋግመህ ጠራህ፣ ዝም ብሎ የመጣው ወንድ ደግሞ የጠራችውን ሴት ማየት በሚገባው ቦታ ላይ ቆሞ አጣት። ሦስቱም ከአንድ ስህተት የተወለዱ ናቸው፤ መጥሪያውን ከሩቅ እንስሳ መሳቢያ ገመድ አድርገህ ይዘኸዋል። ጥሪ የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ለመጨረስ የሚረዳ ነገር ነው። እስከዚያ የሚያደርስህ ጆሮህና እግርህ ነው።

ስሙን በሚመለከት አንድ ነገር ላንሳ፤ ከጥያቄህ ጋር ስለሚያያዝ ነው። አገር ቤት አጋዘን የምንለውም ሆነ የባሌው የደጋ አጋዘን ቀንዳቸው እንደ በሬ ቀንድ ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ይኖራል። የኤልክ ወንድ ግን ቀንዱን መጋቢትና ሚያዝያ ገደማ ይጥልና እስከ ነሐሴ አዲስ ያበቅላል፤ ዘሩም ሌላ፣ ጠባዩም ሌላ ነው። የደጋ አጋዘን ወንድ ተቀናቃኙን የሚያስፈራራው ጠጉሩን አቁሞ፣ ጎኑን እያሳየ፣ ቀስ ብሎ በመራመድ ነው። ኤልክ ግን በድምፅ የሚተዳደር የመንጋ እንስሳ ነው። ሴቷ ከጥጃዋ ጋር ቀኑን ሙሉ በትንንሽ ድምፅ ታወራለች፤ ወንዱ በስሪያ ወቅት ቀን ከሌሊት ይጮኻል። እኛ አገር ዱካ ተከትሎ፣ አድፍጦ ማደን ሲነገር እየሰማ ያደገ ሰው እዚህ መጥቶ መጥሪያ ሲይዝ ድምፁን እንደ ወጥመድ ያየዋል። ለእንስሳው ግን ድምፅ ንግግር ነው። ማን ሆነህ፣ ምን ብለህ፣ ከየት እንደተናገርክ ይለያል።

አንተ በቱቦው ምን እንዳልከው ልንገርህ። የወንዱ ጩኸት ከጉሮሮ ወፍራም ሆኖ ይጀምርና ወደ ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ አጫጭር ማጓራት ይከተለዋል። 300 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ማውጣቱ መጀመሪያ የሰማውን ሰው ሁሉ ያስደንቃል። መልእክቱ በግርድፉ «እዚህ ነኝ፣ ጉልበት አለኝ» ነው። አሥርም ሃያም ሴት ሰብስቦ የሚጠብቅ አውራ ወንድ ይህን ከ400 ሜትር ሲሰማ ይመልሳል። ግን እየጋበዘህ አይደለም፤ «ሰምቼሃለሁ፣ እንዳትጠጋ» እያለህ ነው። ወዲያው አንገቱን ዘርግቶ ሴቶቹን ከፊቱ እየነዳ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ እንዲያውም አቅጣጫውን የምትመርጠው በዕድሜ የገፋችው ሴት ናት፤ እሷ ከተነሳች እሱ ከኋላ እየጮኸ ይከተላል። አንተ እየራቀ ሲሄድ የሰማኸው ይህንን ነው። ቢጋጠም ሊወጋ ይችላል፤ እሱ ሲጋጠም ደግሞ ከመንጋው ዳር የሚዞሩት ወጣቶች ሴቶቹን ይቀሙታል። ጎተራው የሞላ ሰው ጠብ ፍለጋ ደጅ አይወጣም። በየአምስት ደቂቃው በጮህክ ቁጥር አንድ ሸለቆ ተጨማሪ አራቅኸው።

አሁን ወደ ጨረቃዋ ልምጣ። ስሪያውን የሚያስጀምረው የቀን ርዝመት ነው። ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የእንስሳው ሆርሞን ይለወጣል፤ ይህም በየዓመቱ በዚያው ጊዜ የሚመጣ ነው። ጥጃው ከስምንት ወር በላይ በሆድ ከቆየ በኋላ ግንቦት አጋማሽና ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ሣሩ ለምለም ሳለ መወለድ አለበት። ቀድሞ የተወለደ ብርድ ያገኘዋል፤ ዘግይቶ የተወለደ ደግሞ በረዶው ሳይመጣ በቂ ሥጋ አይዝም። ጨረቃ ይህን ልታዘገይ አትችልም። የምትነካው ነገር ካለ ሰዓቱን ነው፤ ሌሊቱ ብርሃን ሲሆን ሲግጥና ሲጮህ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ጥላው ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሙቀትም እንደዚሁ ነው። መስከረም ላይ ኤልክ የብርድ ወቅት ጠጉሩን መልበስ ይጀምራል፤ ቀኑ ከሞቀ ወንዱ ቀን ዝም ብሎ ማታ ይጮኻል። አዳኙ «ዘንድሮ ስሪያው ዘገየ» ብሎ ይመለሳል። ዝም ብሎ በተኛበት ሰዓት ስለሄድን ብቻ ዘገየ አይባልም።

ለአገሬ ልጆች ጊዜውን የማስረዳው በራሳችን ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ አላገኘሁለትም። የኮሎራዶ የቀስት አደን ከነሐሴ 27 እስከ መስከረም 20 ነው። እስከ እንቁጣጣሽ ባሉት ቀናት ወንዶቹ ገና እርስ በርሳቸው መለያየታቸው ነው። ሴት እየፈለጉ ይዞራሉ እንጂ መንጋ አልያዙም፤ ለስላሳ የሴት ድምፅ «ማን ናት?» ያሰኛቸዋል፣ ከባድ የወንድ ጩኸት ደግሞ ብዙዎቹን ያባርራቸዋል። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያሉት 17 ቀናት ዋናዎቹ ናቸው። አብዛኞቹ ሴቶች ኮርማ የሚፈልጉት በዚህ መሃል ነው፤ እያንዳንዷ ግን ፍላጎቷ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ይህን ልብ በል፤ ጥሪ ትናንት ሠርቶ ዛሬ የማይሠራበትን ምክንያት ያስረዳሃል። አንዲት ሴት ኮርማ በፈለገችበት ሰዓት አውራው ከአጠገቧ በምንም ድምፅ አይላቀቅም። ያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ሌላ መፈለግ ይጀምራል፤ ያንኑ ድምፅ በዚያው ዛፍ ሥር ብታሰማ ሊመጣልህ ይችላል። ከመስቀል በኋላ አብዛኞቹ ሴቶች ከኮርማ ተገናኝተዋል። ያልያዘላቸው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ይፈልጋሉ። ወንዱ በበኩሉ ሳይበላ ከርሞ እስከ አንድ አምስተኛ ክብደቱን አጥቷል፣ ሴቶቹም እየተበተኑበት ነው። በእነዚህ ቀናት አንዲት ብቸኛ ሴት ድምፅ ትልቁን ወንድ ልታመጣ ትችላለች። ደመራን ከቤተሰቤ ተለይቼ ጫካ ውስጥ ያሳለፍኩባቸው ዓመታት አሉ፤ ቅር እያለኝ ነው የምሄደው፣ ግን ጊዜው እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ከየትኛውም ድምፅ የበለጠ ጥቅም የሚሰጥህ ነው። ወንድ ጮሆ ከመለሰልህ መጥሪያውን ኪስህ ክተትና ተነስ። ወደ እሱ ሂድ። ርቀቱ 100 ሜትር ገደማ እስኪሆን ድረስ አፍህን አትክፈት። ሴቶቹን እየነዳ ከሆነ ከኋላው አትከተል፤ ነፋሱን ጠብቀህ በጎን ዙረህ ወደሚሄድበት ቅደም። ብዙ ሰው ይህን የሚፈራው እንስሳውን እንዳያስደነግጥ ነው። እንስሳው ግን በዚህ ወቅት የራሱ መንጋ እየተንኮሻኮሸ፣ ቅርንጫፍ እየሰበረ ነው የሚውለው፤ የእግር ኮቴ ብቻውን አያስሸሸውም። የሚያስሸሸው ሽታ ነው።

ስለ ነፋስ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ባዶ እጄን የተመለስኩት በእሱ ነው። በዚያ ወቅት ኤልክ የሚገኘው ከ2,700 እስከ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ላይኛው ክፍል የእንጦጦን ጫፍ ያልፋል ማለት ነው። ማለዳ ላይ ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስትና አራት ሰዓት መሃል፣ ይገለበጥና ሽቅብ ይነፍሳል። ማታ ጥላው ሲወርድ መልሶ ቁልቁል ይሆናል። ስለዚህ በማለዳ ከታች ወደ ላይ ቅረብ፤ ረፋዱ ላይ ነፋሱ ሲዋዥቅ ቁጭ በልና እስኪረጋ ጠብቅ። የሕፃን ፓውደር በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዝና በየሃምሳ እርምጃው ትንሽ እፍ አድርግ። ዱቄቱ ወደ እንስሳው ከሄደ እዚያ ቦታ ላይ መጥራት ትርፉ ማባረር ነው። ጠረን አጥፊ ተብሎ የሚሸጠውን የሚረጭ ነገር ሁሉ ብትረጭም ለውጥ የለውም።

አሁን ሳይጮህ መጥቶ ወደተመለሰብህ ወንድ እንመለስ። እሱ ነው የሚያስቆጨው፤ አደኑን ጨርሰኸው ነበር። ኤልክ ድምፅ የመጣበትን ቦታ በሚያስገርም ልክ ያውቃል። ሴት ጠርታዋለች፤ ስለዚህ ከሩቅም ቢሆን ሊያያት ይጠብቃል። ድምፁ የመጣበት ቦታ ለዓይኑ በተገለጠለት የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ይቆማል፣ ይመለከታል፣ ሴት ካላየ ይሄዳል። ጫካው ገላጣ ከሆነ ያ ነጥብ 60 ወይም 70 ሜትር ላይ ነው፤ ከቀስትህ ውጪ። መፍትሔው ይህን ነጥብ አንተ እንድትመርጠው ማድረግ ነው። ከመጥራትህ በፊት «እሱ ቢመጣ መጀመሪያ ከየት ላይ ቆሞ ነው ይህን ቦታ የሚያየው?» ብለህ ጠይቅ። ያ ቦታ ከ30 ሜትር በላይ ከራቀ ተነስና ሌላ ፈልግ። የተዳፋት ከንፈር፣ የወደቀ ግንድ ክምር፣ ጥቅጥቅ ያለ የዝግባ መሰል ዛፍ ዳር ይበጃል፤ ለማየት ሲል መቅረብ ግዴታ የሚሆንበት ቦታ ማለቴ ነው።

ሁለት ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ጠሪው ከኋላ ይቀመጣል፣ ቀስተኛው ከ30 እስከ 50 ሜትር ወደ ወንዱ ቀድሞ ይጠብቃል። ወንዱ በቀጥታ ወደ ድምፁ አይመጣም፤ የጠሪውን ሽታ ለማግኘት ነፋሱ ወደሚወስድበት ጎን ይዞራል። ቀስተኛው መቀመጥ ያለበት በዚያው ጎን በኩል ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ግራንድ ሜሳ የሚባለው የኮሎራዶ አምባ ላይ ከአንድ ወዳጄ ጋር እንዲሁ ተቀምጠን ነበር። ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ነጭ ሆኗል። ሁለት ጊዜ ለስለስ አድርጌ የሴት ድምፅ አሰማሁ፣ በደረቅ እንጨት ግንድ ፋቅ ፋቅ አደረግሁ፣ ከዚያ ዝም አልኩ። ምንም መልስ አልነበረም። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ቀንድ ቅርንጫፍ ላይ ሲሻሽ ሰማሁ፤ የደረቀ ቆዳ በምስማር እንደመጫር ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ ሽታው ደረሰኝ፣ የከብት በረት ከሽንት ጋር። አንገቱ ላይ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከአፍንጫው እንፋሎት ይወጣል። ዓይኑ እኔ ያለሁበት ላይ ተተክሎ ወዳጄን በ22 ሜትር አለፈው። ጭንቅላቱ ከወፍራም ግንድ ኋላ ሲገባ ወዳጄ ቀስቱን ሳበ። ያ ወንድ አንድም ጊዜ አልጮኸም። ሦስተኛ ጊዜ ጠርቼ ቢሆን፣ ወይም ተስፋ ቆርጬ ብነሳ ኖሮ፣ አናየውም ነበር።

ብቻህን ከሆንክ ይህንኑ በሌላ መንገድ አድርግ። ጥራና ወዲያው ቀስ ብለህ 30 ሜትር ያህል ወደ እሱ ቅረብ፣ እዚያ ተቀመጥ። እሱ የሚያየው የጠራህበትን ቦታ ነው፤ አንተን አይደለም።

ከዚህ በኋላ ነው «የትኛው ድምፅ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው። መልሴ የሴቷ ነው፣ አነስ አድርገህ። ድምፁ ከፍ ብሎ ጀምሮ ይወርዳል፣ አንድ ሰከንድ አይሞላም፣ ለስለስ ያለ ነው። ጀማሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱት አስረዝመው፣ አጩኸው፣ በአንድ ቃና ስለሚያወጡት ነው። ላስቲኩን በጉንጭህ አትንፋ፤ እንደምታቃስት አየሩን ከሆድህ ግፋና መጨረሻው ላይ አገጭህን ጣል አድርግ። የጥጃው ድምፅ ከዚህ ያጠረና የቀጠነ ነው። ኮርማ የፈለገችው ሴት የምታወጣው ረጅም ማላዘን አለ፤ ሱቅ ውስጥ በጣም የሚወደሰው እሱ ነው። በእኔ ፍርድ በወቅቱ አንዴ ሁለቴ ካልሆነ አትጠቀመው፤ ጫካው ውስጥ ያለ አዳኝ ሁሉ ይህንኑ እያላዘነ ስለሚውል ኤልኩ ሰው መሆኑን ተምሯል። ከድምፅ በላይ የሚያሳምነው እንዲያውም ሌላው ነገር ነው፤ ጭራሮ መስበር፣ ድንጋይ ማንከባለል፣ ግንድ መፋቅ። ድምፅ ብቻ ያላትና እግር የሌላት ሴት የለችም።

የወንዱን ቱቦ ሙሉ ለሙሉ ጣለው አልልህም። ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። አንደኛው ጎህ ሳይቀድ ከሸንተረር ላይ ሆነህ አንዴ ጮኸህ የት እንዳለ ለማወቅ ነው፤ መልሱን ከሰማህ ዝም ብለህ ሂድ። ሁለተኛው ከ100 ሜትር ውስጥ ገብተህ፣ አውራው ሴቶቹን ይዞ የሚሸሽበት ጊዜ በሌለው ሰዓት፣ የጀመረውን ጩኸት መሃል ላይ ቆርጠህበት ስትጮህ ነው። ያን ጊዜ ደጁ ላይ የተሰደበ ያህል ይቆጥረዋል። ይህ ግን አንድ ጊዜ የሚጣል ዕጣ ነው፤ ወይ ይመጣል ወይ ለዚያ ቀን ያከትማል። አንድ ድምፅ ግን ከሰማህ ጥሪውን ወዲያው አቁም፤ አጭር፣ ድንገተኛ፣ እንደ ውሻ ጩኸት ያለ። አገር ቤት ድኩላ ጥሻ ውስጥ ስትጮህ የሰማ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ሴቷ አይታሃለች ወይም ተጠራጥራለች፤ ከዚያ በኋላ የምታሰማው ሁሉ ጥርጣሬዋን ያጸናል።

ጥንቃቄ የምፈልግብህ ነገሮች አሉ። ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀህ፣ ቡናማ ለብሰህ፣ የኤልክ ድምፅ እያወጣህ ነው፤ ጫካው ውስጥ ደግሞ የታጠቀ ሰው አለ። መስከረም መጀመሪያዎቹ ላይ ከቀስቱ ወቅት ጋር ተደርቦ በአፈሙዝ የሚጎረሰው ጠመንጃ አደን ይከፈታል። እነሱ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ ግዴታቸው ነው፤ በቀስት የሚያድን ግን ሕጉ አያስገድደውም። አንተ ስትንቀሳቀስና ሥጋ ስትሸከም ልበሰው። ስትጠራ ከትከሻህ የሚሰፋ ዛፍ ጀርባህ ላይ ይኑር። ሰው ወደ አንተ ሲያደባ ካየህ እጅህን አታወዛውዝ፣ መጥሪያም አትንፋ፤ በሰው ድምፅ ጮክ ብለህ ተናገር። የሚያደባው ሰው ብቻም አይደለም። የጥጃና የሴት ድምፅ ጥቁር ድብንና ፑማ የሚባለውን የተራራ አንበሳ ይስባል፤ አንበሳው ከኋላ ነው የሚመጣው፣ የዛፉ ጥቅም እዚህም አለ።

ጥሪህን ሰምቶ ፈጥኖ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መንጋ የሌለው ወጣት ነው። በአብዛኛው የኮሎራዶ ቀጠና ወንድ ለመጣል በአንድ ቀንዱ ላይ ቢያንስ አራት ጫፍ፣ ወይም 13 ሳንቲሜትር ገደማ የሚሆን የግንባር ጫፍ ሊኖረው ይገባል። ልብህ እየመታ እያለ መቁጠር ቀላል አይደለም፤ ካልቆጠርክ አትልቀቅ። ፊት ለፊት ሲያይህም አትልቀቅ። ጎኑን ሲሰጥህ ወይም ትንሽ ሲዞርልህ ጠብቅ፤ እየተራመደ ከሆነ አንዴ በሴት ድምፅ ብትጠራው ይቆማል። ፍላፃው ከወጣም በኋላ ወዲያው ያንኑ ድምፅ አሰማ፤ ሩጫውን ያሳጥረዋል።

ሥጋውንም አስቀድመህ አስላ። ከአንድ ጎልማሳ ወንድ ከአጥንት የተላቀቀ ከ90 ኪሎ በላይ ሥጋ ይወጣል። ለአንድ ሰው አራትና አምስት ምልልስ ነው፤ መስከረም ላይ ደግሞ እኩለ ቀን ይሞቃል። ቆዳውን ፈጥነህ ግፈፍ፣ ጥላ ውስጥ አየር እንዲያገኘው ስቀል። ወንዱ ሆዱና አንገቱ ላይ ስለሚሸና ጠጉሩ ሥጋውን እንዳይነካ ተጠንቀቅ፤ «የስሪያ ወቅት ሥጋ ይሸታል» የሚባለው አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። እና እባክህ፣ ይህን ሥጋ ጥሬ አትብላው፤ ክትፎም ለብለብም አታድርገው። ጫካ ውስጥ የተገፈፈ ሥጋ በባክቴሪያ ሊበከል ይችላል፣ ጥገኛ ተውሳክም ሊኖረው ይችላል፤ ማቀዝቀዣ ባክቴሪያውን አይገድለውም። የተፈጨው እስከ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይብሰል። ወጥ ይሁን፣ ጥብስ ይሁን፣ ቋንጣውም ከመድረቁ በፊት በሙቀት ይለፍ።

ጥሪ የማይሠራበትም ቦታ አለ። ሰው በበዛበት የሕዝብ መሬት፣ በተለይ ወቅቱ ከተጋመሰ በኋላ፣ ኤልኩ ቱቦ ሲሰማ ዝም ይላል ወይም ቁልቁል ወደ ጥቅጥቁ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተሻለ ጠሪ ለመሆን መድከም ዋጋ የለውም። ከሰዓት በኋላ ወንዱ የሚንከባለልበትን የጭቃ ረግረግ ፈልግና ነፋሱን ጠብቀህ አፍህን ዘግተህ ተቀመጥ። ደግሞ እንስሳውንም እናስብለት፤ በቀን መቶ ጊዜ የሚጠራ አዳኝ እነዚያን ሴቶች ከግጦሽ ወደ ግጦሽ ሲያሯሩጥ ይውላል፣ የበረዶው ወቅት ደግሞ ከፊታቸው ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ለመሣሪያ ልታወጣ ያሰብከውን ገንዘብ ነዳጅ አድርገው። በመስከረም መጀመሪያ ከኦሮራ ወደ ኤስተስ ፓርክ ከተማ ሁለት ሦስት ጊዜ ውጣና ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካለው ሞሬይን ፓርክ ሜዳ ዳር መንገዱ ላይ ሆነህ አድምጥ። ፓርኩ ውስጥ ማደንም ሆነ በመጥሪያ መጥራት ክልክል ነው፤ መጥሪያህን ቤት ትተህ ሂድ። ከኦገስት ማብቂያ ማግስት እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ሜዳው ውስጥ በእግር መግባት አይፈቀድም፤ ከእንስሳውም ቢያንስ 23 ሜትር ራቅ። በስልክህ ቅዳና መኪና ውስጥ ያንን እየሰማህ ላስቲክህን ተለማመድ። ሴቶቹ ምን ያህል ቀስ ብለው፣ ምን ያህል አልፎ አልፎ እንደሚናገሩ ስትሰማ በየአምስት ደቂቃው መጥራትህ ራሱ ያሳፍርሃል።

ወደ አደኑ ስትመለስ ከተቻለ ሰው ይዘህ ሂድ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ማለዳ ላይ ከሸንተረር አንዴ ብቻ ጮኸህ የት እንዳሉ እወቅ፣ ሌላ ድምፅ አታሰማ። ከዚያ ነፋሱ ፊትህን እየመታ 100 ሜትር ውስጥ ግባ፣ መጀመሪያ የሚያይበት ነጥብ 30 ሜትር ውስጥ የሆነ ቦታ ምረጥ፣ ሁለት ጊዜ ለስላሳ የሴት ድምፅ አሰማ፣ ቅርንጫፍ ስበር። ከዚያ ሰዓትህን እይና ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ አትነሳ። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ «የለም፣ ሄዷል» የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል፤ ያኔ ፍላፃህ አውታሩ ላይ መሆኑን አረጋግጥ።